ከምሳ በኋላ የሚነገር መርዶ

እናቴ መርዶ ቆሞ አይነገርም ባይ ናት። ሰው ተቀምጦ፣ እህል ቀምሶ፣ ወዳጅ ዙሪያውን ከቦት ነው የሚነገረው ትላለች። ይህን የምትለው ለወግ ስለምትጨነቅ አልነበረም፤ ለወግ ደንታም አልነበራት። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር የመጣችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥራ ነው። የአባቷን ሞት የሰማችው ፈረቃዋን ጨርሳ ስትወጣ፣ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት፣ ከአንድ ያገሯ ሰው አፍ ነው። ሰውየው የሰማች መስሎት «እግዜር ያጥናሽ፣ ደግ ሰው ነበሩ» አላትና ብስክሌቱን እየገፋ አለፈ። እሷ የምሳ ዕቃዋን እንደያዘች መንገድ ዳር ቆማ ቀረች። ሰውየውን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። እኔም አላልኩትም፣ መልኩን እንኳ ሳላውቀው።

አባቴ የግብርና ሠራተኛ ነበር። ጊዜው የደርግ ነው። ይፋግ በኩል፣ ክረምት ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ሩዝ ይሞከር ነበርና ይህንን ሊያስተምሩ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ሦስት ባለሙያዎች ነበሩ። አባቴ የሚሠራው ከሦስቱ በዕድሜ ከሚበልጡት ጋር ነው። ገበሬዎቹ «መምህር» ይሏቸዋል፤ እኛም ልጆቹ መምህሩ እንላቸው ነበር። አማርኛ የለመዱት ከገበሬ ስለሆነ እንደ ገበሬ ነበር የሚናገሩት፤ ቃሉ ያጥራቸዋል፣ ለዛው ግን የዚያው አገር ነው። ሰኞ ከአባቴ ጋር ወደ ይፋግ ይወጣሉ፣ ዓርብ በአንድ መኪና ወደ ባሕር ዳር ይመለሳሉ። ሰሞኑ ሐምሌ ነበር፤ ችግኙ ከመደቡ ተነቅሎ ወደ ሜዳው የሚዛወርበት።

አንድ ዓርብ አባቴ ገባና ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በጭቃ ጫማ መኝታ ቤት መግባት እኛ ቤት ከወንጀል ስለሚቆጠር፣ እናቴ አንድ ነገር እንዳለ ወዲያው ገባት።

«ምን ሆነሃል?»

«የመምህሩ እናት አርፈዋል። ሰኞ ዕለት ከአዲስ አበባ ለኃላፊያችን በስልክ ተነገረው። እሱ ደግሞ አንተ ትቀርባቸዋለህ፣ ቀስ ብለህ ንገራቸው ብሎ እኔ ላይ ጣለው።»

«ነገርካቸው?»

«ምኑን ነገርሁ! ሁለቱ ያገራቸው ሰዎች ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደዋል፤ ብቻቸውን ናቸው። እዚያ ጭቃ መሀል፣ ችግኝ በእጃቸው እንደያዙ፣ እናትዎ ሞተዋል ልበላቸው? ሳምንቱን ሙሉ ስስቅና ሳጫውታቸው ከረምሁ። ጉንጬን አመመኝ።»

«ደግ አደረግክ» አለች እናቴ። ከዚያ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች፤ መቀነቷን ስታጠብቅ ደግሞ ሥራ እየመጣብን ነው ማለት ነው። «ነገ ምሳ እዚህ ይብሉ። ያገራቸውን ምግብ። ጠግበው፣ ተጫውተው ሲያበቁ ሰው ይገባል፣ ያን ጊዜ ይነገራቸዋል።»

መርዶ በወጉ የሚነገረው በማለዳ ነው። መምህሩ ግን ማታ ከግቢያቸው ውጭ ማደር አይፈቀድላቸውም፣ ሰዓት እላፊም አለ፤ ስለዚህ ከምሳ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

«ያገራቸውን ምግብ ማን ይሠራዋል?» አለ አባቴ።

«እኔ ነኛ!»

«አውቀሽው?»

«አንተ እዚያ ሜዳ ላይ አብረሃቸው ስትበላ አልነበር? ያየኸውን ትናገራለህ፣ እኔ እሠራለሁ።»

አባቴ የሚበላውን አይቶ የሚበላ ሰው አልነበረም። ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ጠዋት ያመጣው ይህ ነው፦ ነጭ ሩዝ፣ ዓሣ፣ በርበሬ የተለወሰ ጥሬ ጎመን፣ ከባቄላ ዘር የሚወጣ ጥቁር ጨዋማ ውኃ። እናቴ ጎመኑ ላይ ስትደርስ «ጥሬ?» አለች፤ ባቄላው ላይ ስትደርስ «ውኃ?» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አነሣች።

አባቴ ከይፋግ ያመጣው ሩዝ ከነገለባው ነበር። እሱ እንዲሸከሽከው ሙቀጫውን ሰጠችውና እኔን አስከትላ ወጣች። ወንድ ልጅ ሙቀጫ ይዞ በረንዳ ላይ ሲሸከሽክ ሰፈራችን ግሽ ዓባይ አይቶ ስለማያውቅ፣ ገና የአጥሩን በር ሳንዘጋ ሳቁ ከየቤቱ ይሰማ ነበር።

መጀመሪያ ቀበሌ ሄድን። የውጭ ዜጋ ቤት ለማስገባት አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ሽጉጥ የሚታጠቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራው ሰው ነበር፤ እኔም ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ተደበቅሁ።

«ለምን ጉዳይ ነው የሚመጡት?»

«ለመርዶ» አለች እናቴ።

ቀና አለ። «ማን ሞቶባቸው?»

«እናታቸው። ገና አልሰሙም።»

«ነፍስ ይማር» አለ ጸሐፊው፤ ወዲያው ደንገጥ ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ጺማሞች በጎን አየት አደረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቶሎ ሂጂ፣ ምሳ ይደርስብሻል» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ሰው ያን ያህል ፈርቼው አላውቅም።

ከቀበሌው ወደ ሐይቁ ወረድን። ጠዋት ዘንቦ ነበርና ዳርቻው ጭቃ ነው፤ ታንኳዎቹ ተገልብጠው ይንጠባጠባሉ። ዓሣ የምንገዛው ባሏ አስጋሪ ከሆነ አንዲት የሐይቅ ዳር ሙስሊም ሴት ነበር። በእነሱና በእኛ ቤት መሀል ሥጋ አይሻገርም፤ የእኛን አይበሉም፣ የእነሱን አንበላም። ዓሣ ግን ቢላዋ ሳይነካው የሚሞት ነውና ለሁላችንም ይሆናል፤ እናቴና እሷ በዚህ የተነሣ ለዓመታት ተዋድደው ኖረዋል።

«ዛሬ ቆሮሶ ዓሣ፣ ትልቅ ትልቁን» አለቻት እናቴ።

«ምን አላችሁ? ድግስ ነው?»

እናቴ ነገረቻት። ሴትዮዋ እጇን በሻሿ ጫፍ ጠራርጋ «ኢና ሊላሂ» አለች፤ ለራሷ ቤት ካስቀረችው ላይ አንድ ዓሣ አንሥታ ቅርጫታችን ውስጥ ጨመረች። «ይህ ከእኔ ነው። የሰው አገር ሰው ናቸው፣ ማን አላቸው!» እናቴ አንገቷን ሰበር አድርጋ ተቀበለች። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይታቸው የማታውቅ ሴት ስታዝንላቸው ሳይ፣ መምህሩ ሳያውቁት ዘመድ እያፈሩ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ገበያው ቅዳሜ ስለሆነ ጢም ብሏል። ጥቅል ጎመን፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የሰሊጥ ዘይት ገዛን። ጎመን ሻጯ «ከሥጋ ነው ወይስ ከድንች?» አለች፤ እናቴም ኮራ ብላ «በጥሬው» ስትላት ሴትዮዋ ከትከት ብላ ስቃ ጎረቤቷን ጠራች። እናቴ ተናደደች። ራሷ ጠዋት «ጥሬ?» ያለችውን ረስታ፣ እስከ ቤታችን ድረስ «ያላየ ሁሉ ይስቃል!» እያለች ሄደች።

ቤት ስንደርስ አባቴ ላብ በላብ ሆኗል፤ ግማሹ ሩዝ ተሰብሯል። እናቴ በሰፌድ እያነፈሰች የተሰበረውን ታያለች፣ እሱን ታያለች፣ እንደገና የተሰበረውን ታያለች።

«ወታደር ያለፈበት ነው የሚመስለው።»

«አመሰግናለሁ በይ እንጂ፣ እጄ ተልጧል።»

ትልቁ ጠብ የተነሣው ግን ምድጃው ላይ ነው። እናቴ ድሬዳዋ ሠርግ ቤት ሩዝ ሲሠራ እያየች ያደገች ናት። እሷ ዘንድ ሩዝ ፍሬው ለየብቻው ካልቆመ ሩዝ አይባልም። በዘይት ጠበስ አድርጋ፣ ውኃውን ለክታ፣ ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልላ አበሰለችውና ክዳኑን ስትከፍት ፍሬው ዱቄት እንደተነፋበት ዝርግፍ ዝርግፍ አለ። አባቴ አየና ራሱን ያዘ።

«ይህ አይሆንም!»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«የእነሱ ይያያዛል። በሁለት እንጨት ነው የሚያነሡት። ይህን እንደ ዶሮ አንድ አንድ እየለቀሙ ሊበሉት ነው?»

«የተያያዘ ሩዝ የተበላሸ ሩዝ ነው!»

«እንግዲያው የተበላሸ ሥሪ!»

እናቴ ማማሰያዋን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አንተ አይገባህም» አለች። «ይህን እህል በልተው ነው ያን የሚሰሙት። አፋቸው ላይ የቀረው ጣዕም ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ይኖራል።» አባቴ እጅጌውን ሰበሰበ። ወደ ምድጃው ሄዶ ራሱ ሌላ ብረት ድስት ጣደ፣ ውኃውን አብዝቶ ሞላው፤ የተሰበረውን ሩዝ ሁሉ እዚያ ውስጥ ጨመሩት። ተያያዘ። እናቴ በማንኪያ ቀምሳ «አጥሚት ነው» ከማለት በቀር አልተቃወመችም።

ጎመኑን ከትፋ በጨው አሸችው፣ ድንጋይ ጫነችበት፣ ውኃው ሲወጣ በበርበሬና በዝንጅብል ለወሰችው። አባቴ የእነሱ በገንቦ ውስጥ ብዙ ቀን እንደሚቀመጥ ትዝ ሲለው «እስከዚያማ መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ ይነግራቸዋል» ብላ አፉን አስያዘችው። የባቄላውን ውኃ ነገር አሰበች አሰበችና፣ ባቄላ እስኪጠቁር ቆልታ በጨው ቀቅላ አጠለለችው። እኔ ቀመስኩት። የተቃጠለ ቆሎ የታጠበበት ውኃ ነው፤ አልነገርኳትም። ቤቱ በሰሊጥ ዘይትና በዓሣ ሽታ ታፈነ። አባቴ እዚያ ጢስ መሀል ቁጭ ብሎ ከሽመል ሁለት ቀጫጭን እንጨት ይጠርብ ነበር።

ግድግዳ ከሚያዋስነን ቤት ውስጥ አሮጊቷ ጎረቤታችን ከሁለት ሴቶች ጋር ሆነው ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። እሳቸው ሙሾ በማውጣት ሰፈሩ የሚያውቃቸው የሜጫ ሴት ናቸው። ስምምነቱ ይህ ነበር፦ ምሳው ሲያልቅ እናቴ እኔን ትልከኛለች፣ እኔ ስደርስ እነሱ ተነሥተው ይገባሉ። ከዚያ አባቴ ይናገራል። አባቴ የሚናገረውን ጓሮ ሄዶ ለብቻው ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ፤ በየጊዜው ከመሀል ላይ ያቋርጠውና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

መምህሩ ዝናብ ውስጥ ጃንጥላ ይዘው መጡ። በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ የራሳቸው እጅ እንደሆነ ያስታውቃል። እናቴ ያንን አይታ ከንፈሯን ነከሰች።

«እንዴት ዋላችሁ፣ እትየ? ዝናሙ ደግ ነው» አሏት። «ለችግኙ ደግ ነው።»

«ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ፣ ቤት የእግዜር ነው።»

ተቀመጡ። እናቴ በትልቁ ትሪ ላይ የተያያዘውን ሩዝ ከምራ፣ ዓሣውን ከላይ፣ ጎመኑን በዳሩ አድርጋ አቀረበች። መምህሩ ትሪውን አዩ፤ ከዚያ እናቴን አዩ። ፊታቸው ላይ ምን እንደነበር ያን ጊዜ አልገባኝም። አባቴ የጠረበውን እንጨት በሁለት እጁ ሰጣቸው፤ እሳቸውም በሁለት እጅ ተቀበሉ። ያን ጊዜ ነው አባቴ ግንባሩን በመዳፉ የመታው።

«ሳህን! በየግል ነው የሚበሉት፣ በጎድጓዳ ሳህን!»

እኛ ቤት ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። ጎድጓዳ ሳህን የሚባል፣ ጠርዙ ያልተሸረፈ፣ አንድም አልነበረም። እናቴ ተጣድፋ «ሩጪ፣ ከጎረቤት ከእትየ ቤት አምጪ!» አለችኝ። ሮጥኩ። ምን እያደረግን እንደሆነ ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም።

ጎረቤት ስደርስ ሦስቱም ሴቶች ብድግ አሉ። «ደረሰ?» አሉ አሮጊቷ። «አይ፣ እናቴ ጎድጓዳ ሳ...» ብዬ ሳልጨርስ በአጠገቤ አልፈው ወጥተዋል። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ይሮጣሉ ብዬ አላስብም ነበር። ሳህኑን ትቼ ከኋላ ከኋላቸው «ገና ነው! ገና ነው!» እያልኩ ተከተልኩ፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ስለሚጮህ የሚሰማኝ የለም።

ስደርስ አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገታቸው ሥር ነው። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ። የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት።

መምህሩ ነጠላውን አዩት። ይፋግ ስንት ለቅሶ ደርሰዋል፤ ነጠላ ሲዘቀዘቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። እንጨቶቹን ትሪው ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ለእኔ ነው?» አሉ።

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አዎ ጋሼ፣ ለእርስዎ ነው» አለች።

«እናቴ ናት» አሉ መምህሩ። «አውቃለሁ። እሑድ ነገሩኝ። እነዚያ ሁለቱ፣ ነገሩኝና ሄዱ።»

አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። «እሑድ? እንግዲያው ሳምንቱን ሙሉ...»

«አንተ ብዙ ሳቅህ» አሉት መምህሩ። ወቀሳ አልነበረበትም። «ደስ ብሎት ነው አልሁ። እኔም ሳቅሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ ልንገር? ይፋግ ሰው ሲሞት ሁሉ ይመጣል። ሟቹን ያውቃል፣ ያለቅሳል። የእኔን እናት ማን ያውቃል? እዚህ አንድ ሰው አያውቃት። የማያውቃትን ሰው አልቅስልኝ ይባላል? ዝም አልሁ። ችግኙም ደርሷል።»

አባቴ ለአምስት ቀናት፣ እኛም ከትናንት ጀምሮ የፈራነው ነገር፣ ሰው ብቻውን ቆሞ እንዳይሰማው የሠጋንለት ነገር፣ አስቀድሞ ሆኗል። ከዚያም የከፋ ሆኗል፦ ሰምተው ሲያበቁ፣ ነገሩን የሚያውቅ ወዳጃቸው አጠገባቸው ሆኖ ሲስቅባቸው ከርሟል። አባቴ ሳያለቅስ እንባው ይወርዳል። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ያፈረ ሰው አላየሁም። ጠዋት የለፋነው ሁሉ፣ ሩዙም ዓሣውም፣ እንደ ቀልድ ሆኖ ታየኝና ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከበሩ ገብተው መምህሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«አናውቃት ከሆነ ያሳውቁን እንጂ!» አሉ ቆጣ ብለው። «ስሟ ማን ነው?»

መምህሩ ግራ ተጋብተው አዩዋቸው። ከዚያ የእናታቸውን ስም ተናገሩ። አሮጊቷ ደገሙት፤ ተበላሸ። መምህሩ እንደገና አሉላቸው፣ ቀስ አድርገው። አሮጊቷ እንደገና ደገሙት። ሌሎቹ ሴቶችም በየከንፈራቸው ያመላልሱታል። እናቴም፣ እኔም። ስሙ ለምላሳችን እንግዳ ነበር፤ እስኪገራልን ድረስ መምህሩ ሳይሰለቹ ደጋገሙልን።

«እሺ። ምን ትሠራ ነበር?»

«ሩዝ ትተክል ነበር። ጎንበስ ብላ። እኔ ጀርባዋ ላይ ታዝዬ።» መዳፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው አሳዩ። «ባል የላት፣ በጦርነቱ ሞተ። እኔ አንድ ነኝ። ስወጣ፣ ትመለሳለህ ወይ አለች። እመለሳለሁ አልሁ።»

አሮጊቷ በረጅሙ ተነፈሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ ከዚያም በዚያ ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው ድምፅ ያችን ሴት በስሟ ጠሯት፤

«ጎንበስ ብለሽ ተክለሽ፣ ሳታዪው ሲያሸት፣
ልጅሽ ጣና ዳር ነው፣ ማን ነበር የሞትሽ ለት?»

ሁለቱ ሴቶች ስሟን ተቀበሉ። እናቴ ተቀበለች። ስሙ ከቤታችን ወጥቶ በዝናቡ ውስጥ ሄደ መሰለኝ፤ ወዲያው የአጥሩ በር ይከፈት ጀመር። ዘግይታ የደረሰች አንዲት ጎረቤት ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ፣ ስሙን ከሴቶቹ አፍ ሰምታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደምታውቃት ሁሉ እየጠራቻት ገባች።

መምህሩ ከአንዷ ወደ አንዷ ያያሉ። የእናታቸውን ስም በዚያ ሁሉ አፍ ይሰማሉ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑና ባገራቸው ቋንቋ አንዲት አጭር ቃል ጮኹ። ምን ማለት እንደሆነች ማንም አልጠየቀም። አባቴ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ፣ ክንዱን ትከሻቸው ላይ ጣለና አብሯቸው አለቀሰ።